አልጣሽ ዳዊት የደገመች ሰሞን

ጥቅምት 23 ቀን 1931

ይህን የምጽፈው ጣልያን ከአውሮፕላን በበተነው ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ፊቱ ላይ በአማርኛ ግቡ፣ እርሻችሁን እረሱ፣ መንግሥት ይምራችኋል ይላል፤ ጀርባው ባዶ ነው። ልጆቹ ከየማሳው ለቅመው ያመጡልኛል፣ እኔ በክር ሰፍቼ ደብተር አደርገዋለሁ። ጣልያን ይህን ቢያውቅ ኖሮ ሁለቱንም ፊት ያትመው ነበር።

ወረቀቱን ይዞ መገኘት በሁለቱም ወገን ያስጠይቃል። አርበኞች ካገኙት ባንዳ ያሰኛል። የቡሬ ምሽግ ሰዎች ካገኙት ደግሞ የመንግሥትን ቃል ገልብጦ መጻፍ ምን እንደሚያስቀጣ ገና አልሰማሁም፣ መስማትም አልፈልግም። ከገብሱ ጎታ ሥር እደብቀዋለሁ።

ትምህርት ቤታችን፣ ትምህርት ቤት ማለት ካልበዛበት፣ ዛሬ አሥራ አራት ልጅ አለው። ወንድ ዘጠኝ፣ ሴት አምስት። ቤቱ የአባቴ የመሪጌታ ወልደ ገብርኤል የቅኔ ተማሪዎች ጎጆ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ተማሪዎቹ ተበተኑ፤ አባቴም ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመቱ ነው። እኔ አዲስ አበባ አጎቴ ዘንድ አራት ዓመት ተምሬ ነበር፤ ከተማው ሲያዝ በእግሬ መጣሁ። ጠዋት ጠዋት ፊደልና ዳዊት፣ ቀጥሎ ሒሳብ፣ አንዳንድ ቀን ጂኦግራፊ እናያለን። ልጆቹ አባቴን የኔታ፣ እኔን እትየ ይላሉ። ሴት የኔታ አይተው አያውቁምና አልፈርድባቸውም።

የምመኘው አንድ ነገር ነው። ዳዊት የጨረሰ ልጅ እዚያው እንዳይቆም፣ አዲስ አበባ ከፍ ያለ ክፍል የሚሉትን እዚህ መጀመር። እስከ ዛሬ የጨረሰ የለም። የቀረበችው አልጣሽ ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

ጥቅምት 25

አውሮፕላን። ወደ ፈታም ወንዝ አለፈ። ልጆቹን ከዋርካው ሥር አስገባሁ። ምንም አልጣለም፣ ወረቀትም ቢሆን። ትንሹ ቢሆነኝ «እትየ፣ ደብተር ሊያልቅብን ነው» አለ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ።

ጥቅምት 28

ከቅዳሴ ስወጣ ከቅጥሩ በር ሁለት ሽማግሎች ሲያወሩ ሰማሁ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አለ አንዱ። ሁለተኛው «ማወቁስ ይሁን፣ ወንድና ሴት ባንድ ቁርበት መቀመጡ ነው የኔ ነገር» አለ። እኔን ሲያዩ ስለ ጤፉ አወሩ።

እውነቱን ልጻፍ፤ ያንን የወሰንሁት እኔ አይደለሁም፣ ዝናሙ ነው። መጀመሪያ ሴቶቹን ከውስጥ፣ ወንዶቹን ከታዛው ሥር አስቀምጬ፣ በሩ ላይ ቆሜ ለሁለቱም አስተምር ነበር። ሐምሌ ላይ ታዛው ማፍሰስ ጀመረና ወንዶቹን አስገባኋቸው። መስከረም ሲጠባ አሁን ውጡ ልላቸው ነበር። ያን ቀን ግን ቢሆነኝ ማካፈል አልገባው ብሎ ሊያለቅስ ሲል ዓባይነሽ ከጎኑ ተቀምጣ በጠጠር ስታሳየው አየሁ፣ አፌን ያዘኝ። በዚያው ቀሩ።

የሽማግሎቹን ወሬ ለአባቴ ብነግራቸው «ዝናም ያስገባውን እንግዳ ማን ያስወጣል» አሉ።

ኅዳር 2

ጭቃ ሹሙ አያ እጅጉ መጡ። ደጃፉ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ፤ ወደ ውስጥ ላለማየት ነው።

«ኸቡሬ ትእዛዝ መጥቷል» አሉ። «የሚያስተምር ሁሉ ይመዝገብ ይላል። ኸየደብሩ አምስት አምስት ወንድ ልጅ ለነሱ ትምህርት ቤት ይሰጥ ይላል።»

«ሴቶቹስ?»

«ሴት የሚል የለበትም። አንቺም የለሽበትም፤ እንደሌለሽ ሆነሽ ቆይ። እኔ አላየሁም። አልሰማሁም ግን አልልም፣ ልጆችሽ ዳዊት ሲሉ እስተ አውድማው ይሰማል። የአድማሴም ነገር አለብሽ።»

አድማሴ ባሌ ነው። ዱር ከገባ ዓመት አለፈው። የአርበኛ ሚስት መሆኔን እዚህ የማያውቅ የለም፣ ቡሬ ግን ገና አልደረሰም። እጅጉ ይህን ያሉት ሊያስፈራሩኝ አይመስለኝም። ራሳቸው ፈርተው ነው።

ከዛሬ ጀምሮ በሹክሹክታ እናነባለን። ዳዊት በሹክሹክታ ሲነበብ ቤቱ ሁሉ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። አባቴ አልወደዱትም። ከጥግ ተቀምጠው ልጆቹን የሚያርሙት በጆሯቸው ነው፤ አንዱ ሲሳሳት በዘንጋቸው መሬቱን ይመታሉ። ዛሬ ዘንጉ ሥራ ፈቶ ዋለ።

ኅዳር 5

አልጣሽ አሥር መዝሙር ቀራት። እናቷ ሀብትነሽ ይህን ሰምታ መጣች።

«ድግሱን መቸ እናርገው?»

«የምን ድግስ፣ እትየ ሀብትነሽ?»

«እንዴ፣ ዳዊት የደገመ ልጅ አይደገስለትም? ለየኔታውስ ጋቢ አይለበስም? ወንድሟ ሲደግም ወይፈን ጥለናል። እሷ ስትደግም እንደ ሰረቀ ሰው ልደብቃት?»

ጊዜው አይደለም አልኋት። ጊዜውማ መቸም አይሆንም ብላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። አልተበገርሁም። አባቴም ደግ አደረግሽ አሉኝ።

ኅዳር 8

ይሁን አልሁ። የነቢያት ጾም በአሥራ አምስት ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ሥጋ የለም። ኅዳር ሚካኤል ቀን ይሁን፣ ጎረቤት ብቻ፣ አንድ ጋን ጠላ ብቻ ተባባልን። ይህን ያደረግሁት ለሀብትነሽ ስል ነው። ማስቀየም አይገባም።

ከትናንት ጀምሮ ካርታ እየሠራሁ ነው። አራት ወረቀት አጣበቅሁ። መስመሩን እኔ እስላለሁ፣ ስሞቹን አልጣሽ ትጽፋለች። ዓባይ ጎጃምን ከቦ ሲሄድ፣ ፈታም፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ፣ አዲሱ የመኪና መንገድ። ቡሬ ላይ ምሽጉን በአራት ማዕዘን አመለከትሁ፤ ልጆች የሚያውቁት ነገር ከሌለበት ካርታ አይገባቸውም። ጥላሸቱን አድቅቄ ቀለሙን አጠቆርሁት። መስመሩ እንዲያምር ሦስት መቃ ቀረጽሁ። ለትምህርት ነው።

ኅዳር 12፣ ጠዋት

ሚካኤል ሆይ፣ ዛሬን በሰላም አውለን። ሀብትነሽ ሁለት ጋን ነው የጠመቀችው። አርባ ሰው ጠርታለች አሉ። እጅጉም ይመጣሉ። ቀሚሴን አጥቤዋለሁ፣ ገና አልደረቀም።

ኅዳር 13

ማንም ሳይመጣ ልጻፈው። ልጆቹን ለአጨዳ ለቅቄያቸዋለሁ።

አልጣሽ እንዴት አድርጋ አነበበች! መቶ አሥራ ስምንተኛውን፣ ረጅሙን፣ መጽሐፉን ዘግታ በቃሏ ወጣችው። የአባቴ ዘንግ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም። ሴቶቹ እልል አሉ። ሀብትነሽ አለቀሰች። በልማዱ መሠረት ለየኔታው የሚሰጠውን ጋቢ አምጥታ ባባቴ ትከሻ ላይ ጣለችው። ልክ ነው፣ የኔታ እሳቸው ናቸው። ቅር አላለኝም። ጥለቱ ቀይ ነበር፣ ፈትሉም ቀጭን።

የሀብትነሽ ወንድም ዘሩ ሳይጠራ መጣ። ቡሬ ምሽግ የጣልያን በቅሎዎች ጠባቂ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለእህቱ ልጅ ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ ይዞላት መጥቷል። እሱ ሲገባ ጨዋታው ትንሽ ቀዝቀዝ አለ፣ ግን ድግስ ነውና ቦታ ተለቀቀለት። ያን ጊዜ ሁሉም በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ሊነሣ ነበር። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ይችል ነበር።

እኔ «አልጣሽ፣ ያንን አምጪው» አልሁ።

ማንም አልጠየቀኝም። እሷ ካርታውን ቁርበቱ ላይ ዘረጋችና በጣቷ እያሳየች ተናገረች። «ይኸ ዓባይ ነው። ይኸ ፈታም። እኛ እዚህ ነን። ኸዚህ ቡሬ በእግር ግማሽ ቀን ነው።» ሴት ብታውቅ ያለው ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ «የኔ ቤትሳ?» አላት። ጣቷን አስቀመጠችለት። እንደ ልጅ ሳቀ። ደስታው ጆሮዬን አጋለው፣ አልዋሽም።

ዘሩ «ይኸነን ማን አሳየሽ፣ ልጄ?» አላት። አልጣሽ ወደኔ አየች። ፊቴን በነጠላ መሸፈን ነበረብኝ፤ አልሸፈንሁም። አባቴ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ሦስት ጊዜ መቱ። ከልጆቹ ማን ተሳሳተ ብዬ ዞር አልሁ፣ የሚያነብ ልጅ አልነበረም።

ዘሩ ሊሄድ ሲነሣ ካርታውን እያገላበጠ «ለባልንጀሮቸ የእቴ ልጅ ሥራ ነው ብየ ባሳይስ» አለ። አልጣሽ «ለአጎቴ ልስጣቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ይሁን ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። በእንግዳ ፊት አይሆንም ማለት ነውር ነው።

ኅዳር 15

ጾሙ ገባ። ጸጥታ ነው። ምናልባት ዘሩ ከመንገድ ጥሎት ይሆናል። ምናልባት ስኳር ጠቅልሎበት ይሆናል።

ኅዳር 17

ከቡሬ ገበያ የተመለሱት ሴቶች ምሽግ ውስጥ አንድ የበቅሎ ጠባቂ የእህቴ ልጅ ያገሩን ሁሉ መልክ ጻፈች እያለ ወረቀት ያሳያል አሉ። የሚያወሩት እየሳቁ ነው። እኔ የገዙልኝን ጨው ተቀብዬ ገባሁ። የፈሩት ይደርሳል። አባቴ ምን አሉ ብለው ጠየቁኝ፤ ጨው ተወዷል አሉ አልኋቸው።

ኅዳር 20

አባቴን ወሰዷቸው።

ከምንጭ ስመለስ ደጃፋችን ላይ እጅጉን፣ ዘሩንና ጠመንጃ የያዙ ሁለት ባንዶችን አየሁ። አንደኛው ካርታዬን ይዟል። የሚያሳየው ያንን አራት ማዕዘን ነው። ምሽጉን ለሽፍታ የሣለ ማነው፣ የዚህ ደብር አስተማሪ ማነው ይላል። ገንቦውን እንዳዘልሁ ቆምሁ። እጅጉ አጎንብሰዋል። ዘሩ መሬት መሬት ያያል፤ ማን እንደሠራው ያውቃል።

አባቴ ከውስጥ ወጡ፣ ያንን ጋቢ ለብሰው። «አስተማሪው እኔ ነኝ» አሉ።

«ዕውር አይደለህም እንዴ?»

«የሚያስተምር ሰው በልጆቹ ዓይን ያያል።»

ባንዳው ወደ ዘሩ ዞረ። ዘሩ «እሳቸው ናቸው። የኔታ የሚባሉት እሳቸው ናቸው» አለ።

ይዘዋቸው ሲሄዱ በአጠገቤ አለፉ። «ውሃው እንዳይፈስሽ፣ ልጄ» አሉኝ። ገንቦው ሙሉ መሆኑን በምን እንዳወቁ እንጃ። እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነው፣ አላልሁትም። ከታጠፊያው ሲሰወሩ ነው ገንቦውን ያወረድሁት።

ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም ናት። ቤተ ክርስቲያን አልሄድሁም። ልጆቹ መጡ፤ መልሼ ሰደድኋቸው። አባቴ ዘንጋቸውን ረስተው ሄደዋል።

ኅዳር 24

ዘሩ ተደብቆ እህቱ ቤት መጣ፣ ተጠርቼ ሄድሁ። ሲያየኝ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ ከኔ የባሰ ምን አደረገና ነው የምቆጣው?

ለአባቴ ወረቀትና ከሰል ሰጥተው ሣል ብለዋቸዋል። ከሰሉን አሽትተው መልሰው አስቀመጡት አለ። እኔ በቃል እነግራለሁ፣ ልጆች ይጽፋሉ ብለዋል። የጣልያኑ ሹም አልተቀበለም። መስመሩ የልጅ እጅ አይደለም፣ የተማረ ሰው እጅ ነው ብሏል። በዚያ ሁሉ መሃል ይህን ስሰማ ልቤ ደስ አለው። ከዚያ ራሴን ተጸየፍሁት።

«ጽሕፈቱ የአልጣሽ መሆኑን ቀድሜ ተናግሬያለሁ፣ ስኩራራ» አለ ዘሩ። «እስተ ታኅሣሥ አንድ የሣለው ሰው ካልመጣ እሷን እናመጣለን፣ እሷ ታሳየናለች ብለዋል።»

ሀብትነሽ ከምድጃው ዘንድ ሆና ትሰማለች። ወደኔ አልዞረችም። አልረገመችኝም። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 26

አድማሴ ሰው ላከ። ልጅቷን ይዘሽ ነይ፣ ፈታምን ተሻግረሽ ጠብቂ፣ እንቀበልሻለን ይላል። ስንቅ መቋጠር ጀመርሁ። ከዚያ እጅጉን ልጠይቅ ሄድሁ።

«ኸሄዳችሁ» አሉኝ «አባትሽ እዚያው ይቀራሉ። አገሩ ይቃጠላል፤ አዝመራው ገና አውድማ ላይ ነው። ሂጅም አልልሽ፣ ቅሪም አልልሽ። እኔ ጭቃ ሹም ነኝ እንጅ ዳኛ አይዶለሁም።»

ስንቁን ፈታሁት።

ከላይ የጻፍሁትን ዛሬ መልሼ አነበብሁ። ለሀብትነሽ ስል ነው ይላል። ለትምህርት ነው ይላል። በእንግዳ ፊት ነውር ነው ይላል። እንዲህ ያለ ውሸት አንድ ተማሪ ቢያነብልኝ ዘንጉን እመታበት ነበር። ድግሱን የፈለግሁት እኔ ነኝ። ዓመት ሙሉ በጓሮ፣ ኋላም በሹክሹክታ የሠራሁትን ሰው እንዲያይልኝ ፈለግሁ። ያ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ እንዲያይ ፈለግሁ። ጋቢውንም ፈልጌው ነበር። ባባቴ ትከሻ ላይ ሲወድቅ ከፋኝ፤ ካርታውን አምጪ ያልሁት ከዚያ በኋላ ነው። ይኸው ነው ነገሩ።

አባቴ የዝምታዬን ዋጋ እየከፈሉ ነው። አልጣሽን አላስከፍላትም።

ኅዳር 28

ልጆቹን ሰበሰብሁ። አሥራ አራቱም መጡ። ጮኸን አነበብን፣ ዛሬስ ምን ይደበቃል። ለአልጣሽ ቀለም ማድቀቅ፣ መቃ መቅረጽ፣ ወረቀት መስፋት አሳየኋት። ስሕተት ስትሰማ እንድትመታበት የአባቴን ዘንግ ሰጠኋት። ይከብደኛል አለች። እኔንም ይከብደኛል አልኋት።

«እትየ፣ ዳዊት ስጨርስ ከፍ ያለ ክፍል አለ ብለሽኝ ነበር።»

«አለ። ትናንሾቹን ማስተማር ነው።»

«ሌላ የለውም?»

«ሒሳቡን እስከ ማካፈል ድረስ ደርሰሻል፣ ቀጣዩን ጽፌልሻለሁ። ከጎታው ሥር ነው።»

ሀብትነሽ የጾም ምሳ ይዛልኝ መጣች። ስበላ አጠገቤ ተቀመጠች። ምንም አልተነጋገርንም፤ እጄን ያስታጠበችኝ ግን እሷ ናት።

ኅዳር 29

ነገ ማልጄ ቡሬ እወርዳለሁ። እጅጉ እሸኝሻለሁ ብለዋል፣ እስከ ወንዙ። መስመሩን የሣልሁት እኔ ነኝ እላለሁ፣ ካላመኑኝ ከሰሉን ይስጡኝና እሥላለሁ። የአድማሴን ስም ካልጠሩ አልጠራም። ፈርቻለሁ። ይህን ደብተር ለአልጣሽ ትቻለሁ፣ ቀኑን እየጻፈች በየዕለቱ ስንት ልጅ እንደመጣ ትመዝግብበት።

ታኅሣሥ 14

አልጣሽ ነኝ የምጽፈው። እስካሁን ያልጻፍሁት ደብተሩ ከውስጥ ሳለ ባንዶቹ ጎጆውን ስላሸጉት ነው።

መሪጌታ በኅዳር ሠላሳ ተለቀቁ። አጎቴ ዘሩ በበቅሎ አመጧቸው። እሳቸው ሲወጡ እትየ ስትገባ በእግሯ ኮቴ አወቋት፣ ስሟን ግን አልጠሩም። ካርታውን በጣልያኖቹ ፊት እንደገና ሥላለች አሉ አጎቴ፣ ያለ አንድ ስሕተት። ከሦስት ቀን በኋላ በመኪና ጭነው ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰዷት። ከዚያ ወዲህ የሰማ የለም። መሪጌታ ማታ ማታ የመንገዱን አቅጣጫ ጠይቀው ወደዚያ ዞረው ይቀመጣሉ።

አምስት ወንዶች ለቡሬ ትምህርት ቤት ተሰጡ። ሦስቱ ጠፍተው መጡ፣ ቢሆነኝ አንዱ ነው። እዚያ ሰላምታ መስጠት ብቻ ነው የሚያስተምሩት አለ። አሁን የምንማረው ከፈታም ማዶ ካለ ዋሻ ውስጥ ነው። እዚያ ጮኸን እናነባለን፣ ውሃው ድምፃችንን ይወስደዋል። ያ ሽማግሌ ሁለት የልጅ ልጆቹን አመጣ፣ ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ዛሬ እኔን ጨምሮ አሥራ አራት ነን። ወንድ ሰባት፣ ሴት ሰባት። አንድ ቁርበት ነው ያለን።

ዘንጉን ለመሪጌታ ልመልስ ብል አይሆንም አሉ። እኔ ስሳሳት በመዳፋቸው መሬቱን ይመታሉ።

እናቴ ጥጥ እየፈተለች ነው። ጋቢ ነው አለች፣ ቀይ ጥለት ያለው፣ ለየኔታ። መሪጌታማ ለብሰዋል አልኋት። እናቴ እንዝርቷን ሳታቆም፣ ዓይኗን ወደ ደብረ ማርቆስ መንገድ አድርጋ «እሳቸውን አላልሁም» አለች።

ለጥምቀት አይደርስም። ለፋሲካ ይደርሳል።